የረዳቷ መዳፍ

አሮጌው አውቶብስ ተጎትቶ ጋራዤ ሲገባ ለአባቴ አልነገርኩትም። እሱ ግን ከሰፈር ሰው ሰምቶ ከዘራውን ይዞ መጣና ከተነቀሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ የነዳው ያንን አውቶብስ ነው። ዓይኑ ደክሟል፤ ቢሆንም መዶሻ ባነሳሁ ቁጥር ቀስ በይ እያለ ነገር ይፈልገኛል።

ሙያዬ ባትላሜራ ነው። የዛገውን ቆርጬ አዲስ በየድኩ፣ የተጨረማመተውን አቃናሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እጄ እምቢ አለኝ። ከኋላ በር አጠገብ መዳፍ የሚያክል ጎድጓዳ አለ። የእናቴ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የአባቴ ረዳት ነበረች። መንገደኛው ተሳፍሮ ሲያልቅ ላሜራውን ሁለቴ በመዳፏ ትመታለች። አባቴ "ሁሉም ገባ?" ይላል፤ እሷ "ሳበው" ትላለች። መስታወት እያለው ያለ እሷ ምት ማርሽ አያስገባም ነበር። አሁን ጠዋት ስገባ መጀመሪያ መዳፌን እዚያ ላይ አሳርፋለሁ፤ ልክክ ይላል። በጣም ናፍቃኛለች።

ባለቤቱ አውቶብሱን ሆቴሉ ግቢ ሊያቆመው የገዛ ሰውዬ ነው። ከቀለም በፊት ሊያይ መጣና ጎኑን እየዳበሰ ሄዶ ሄዶ እዚያችው ላይ ቆመ። ይቺስ አለኝ። ላሜራው ሳስቷል፣ ከነካሁት ይቀደዳል ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁት። ሊያምነኝ ዳር ዳር ሲል አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አይቀደድም። አቃንተሽ ስጪው ልጄ። እናትሽ ጎኑ ላይ ጭረት ስታይ የምትሆነውን ረሳሽው?"

ደሜ ፈላ። ለማን ብዬ ነው የዋሸሁት? ሰውዬው እንደሄደ ተኮሳትሬ ጎድጓዳውን ልደፍንበት የስቱኮውን ጣሳ ከፈትኩ። ሽታው ሲደርሰው አባቴ ተነሳ።

"ስቱኮ አይሆንም፤ ድምፁን ያፍነዋል። ከውስጥ አቃኚው።"

ለካ አባቴ ሊያተርፍ የፈለገው የምቷን ድምፅ ኖሯል።

ከውስጥ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልኩ ገፋሁት። የእናቴ መዳፍ ትንሽ በትንሽ ጠፋ። አለቀስኩ፤ አቧራ ነው ለማለት እንኳ አልደከምኩም። ስጨርስ አባቴን ደግፌ መሪው ጋ አስቀመጥኩትና ወደ ኋላ በር ሄድኩ። አውቶብሱ ሞተር የለውም፤ ጎማም የለው፣ ጉማጅ እንጨት ላይ ነው የቆመው። ሁለቴ በመዳፌ መታሁ። ያው የድሮው ድምፅ ወጣ። አባቴ ቀና አለ፤ እግሩ ፍሪሲዮን ፈለገ።

"ሁሉም ገባ?"



"ሳበው" አልኩት።