ቆንሲሉ እድር ገባ

በአብዮቱ ዘመን የእማማ ወለተጻድቅ ልጅ ደመቀ የትራክተር ጥገና ሊማር መንግሥት ቡካሬስት ልኮት፣ እዚያው ታሞ ሞተ። እኛ የኮልፌ ጎረቤቶች በማለዳ ሄደን አረዳናቸው። ጮኸው እንዲወጣላቸው ብንጠብቅ እንባ ጠብ አላለም። በማግስቱ እኔና የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ዱባለ ደግፈን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወሰድናቸው።

«አስከሬኑን ማምጣት አልተቻለም» አለ ያነጋገረን ወጣት። «ሐሙስ ቆንሲላችን እዚያው ያስቀብረዋል። አይጨነቁ፣ እናቴ።»

«ማን ያለቅስለታል?»

«ቆንሲሉ ሁሉንም ያስፈጽማል።»

«ማስፈጸሙንማ ያስፈጽም! ማን ያለቅስለታል ነው የምልህ፣ ልጄ?»

እማማ «አልቃሽ የሌለው ቀብር!» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያ ጋሽ ዱባለ ግን፣ ደንብ ካልፈቀደለት የማያስነጥስ ሰውዬ፣ ጢሙን እያሻሸ «ቆንሲሉ እድር አለው?» አይልም!

«ምን አሉ?» አለ ወጣቱ።

«እድርተኛ ቀብር አይቀርም፤ ከቀረ ይቀጣል። አባል እናደርገዋለን፣ አለቀ ደቀቀ።»

«አንተ ሰው አብደሃል? ቡካሬስት ያለውን ሰው ከኮልፌ እንዴት አድርገህ ልትቀጣው ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

«ሲመለስ» አለኝ ፈርጠም ብሎ። «መቼም እዚያ አይቀር።»

ወጣቱ ሳቁ አመለጠው። እማማ ቀና ብለው ሲያዩት ግን አንገቱን ደፋ፤ ጋሽ ዱባለ ያለውንም በቴሌግራም ላከ፦ ቆንሲሉ ከዛሬ ጀምሮ የእድራችን አባል ነው፤ ሬሳ ይሸከማል፣ ቆሞ ያስቀብራል፣ ያለቅሳል።

ሐሙስ ድንኳን ተከልን። አገር ምድሩ ሲያለቅስ እማማ ዓይናቸው እንደደረቀ ነበር። «የቀብሩን ወሬ ሳልሰማ አላለቅስም» አሉ።

ቅዳሜ የመንግሥት ላንድሮቨር ድንኳኑ በር ላይ ገጭ ሲል፣ ለቀስተኛው አፈሳ መስሎት በጓሮ ተፈተለከ። ጋሽ ዱባለ አግዳሚው ሥር ገባ። ከመኪናው የወረደው ግን ያ ወጣት ብቻውን ነበር። ከቆንሲሉ የመጣውን መልስ ቆሞ አነበበልን፦

«ከተማሪዎቹ ጋር ሬሳውን ተሸከምኩ። ቆሜ አስቀበርኩ። አለቀስኩ። እናቴ አምና ስትሞት ፈቃድ ስላላገኘሁ አልቀበርኳትም። አባል ከሆንኩ፣ እባካችሁ አልቅሱላት። እሙ ትባላለች።»

«ሴትዮዋ የሞቱት እሱ አባል ከመሆኑ በፊት ነው፤ በደንባችን መሠረት...» አለ ጋሽ ዱባለ ከአግዳሚው ሥር።

«ዝም በል!» አሉት እማማ። ብድግ ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡ፤ ደረታቸውን መቱ። «እሙዬ! እሙዬ! ልጅሽ ልጄን ቀበረልኝ!»

ያን ጊዜ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። በጓሮ የሸሸውም ሁሉ ጩኸቱን ሰምቶ ተመልሶ መጣና፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቅ «እሙዬ!» እያለ አለቀሰ።