ለሄዋን የተሰጠው ሃያ ሰባት

ሳህለ ልጅ ሲሮጥ አይቶ ነጥብ መስጠት ያውቅበታል። ከመኪና መንዳት ቀጥሎ አጥብቆ የሚያውቀው ሥራ ይኸው ነው። አሥመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ስፖርት ያስተማረ ሰው፣ ዛሬ በስልሳ ሦስት ዓመቱ ከዴንቨር ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ፉጨቱን ግን አልረሳም። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ካፏጨ፣ በሚኖርበት በኦሮራ ከተማ ያለ ውሻ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል።

ወደ አውስትራሊያ ፉትቦል ያስገባው አንድ መንገደኛ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዳረን የሚባል አውስትራሊያዊ ኳስ የታጨቀበት ከረጢት ተሸክሞ ቫኑ ውስጥ ገባና ሴንትራል ፓርክ እስከሚባለው የዴንቨር ሰፈር ድረስ ሲያወራ ሄደ። ኦሮራ ባለ አንድ መናፈሻ ውስጥ ታዳጊዎችን የአገሩን ጨዋታ ያሠለጥናል፤ ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ የሚያግዘው ሰው አጥቷል። ሳህለ የስፖርት መምህር እንደነበረ ከአፉ አመለጠው። አለቀ፤ በሳምንቱ ሜዳ ላይ ነበር።

መጀመሪያ ጨዋታው የእብድ መሰለው። ኳሱ እንቁላል መሳይ ነው፤ በእግር ይለጉታል፣ በቡጢ ይቀባበሉታል፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተንጠላጥሎ ከአየር ይቀልበዋል። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ቋሚ ተተክሏል፤ ኳሱ በመካከለኞቹ ሁለት መሐል ካለፈ ስድስት ነጥብ፣ ከእነሱ ወጣ ብሎ በጎን ካለፈ ደግሞ አንድ ነጥብ ያስገኛል። «ለሳተም ነጥብ?» አለ ሳህለ። እሱ ባደገበት ትምህርት ቤት ለሳተ የሚሰጠው ኩርኩም ነበር። በወሩ ግን ዳር ቆሞ ከዳረን በላይ ይጮህ ጀመር።

ያን ዓመት ቡድኑ በዘጠና አንድ ነጥብ ተሸነፈ። ልጆቹ ፒዛቸውን እየሳቁ በሉ፤ ሳህለ ግን ምሳው አልወረደለትም። በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ ወደ ሠላሳ ዝቅ አለ። ዘንድሮ ማሸነፍ ለመዱ። ሳህለ በደብተሩ ሁሉንም ጽፎ ይዟል፦ ማን በግራ እግሩ መምታት እንደጀመረ፣ ማን ሲደክመው ባልደረባው ላይ መጮህ እንደተወ። የልጅ እድገት የሚታየው ሲሸነፍ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ከድሉ ይልቅ የሽንፈቱ ገጽ ይበዛል።

ሄዋንን ወደዚያ ሜዳ ያመጣት እሱ ራሱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቤታቸው ከእሱ አፓርታማ አንድ ፎቅ ከፍ ይላል። እናቷ ምንትዋብ በአረጋውያን መጦሪያ የከሰዓት በኋላ ሺፍት ትሠራለች፣ ቅዳሜም አትቀርም፤ እሑድ ደግሞ የቸርች ኳየር አለባት። አባቷ በጭነት መኪና ከስቴት ስቴት ሲዞር ነው የሚኖረው። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ቅዳሜም ጨዋታ ሲኖር፣ ሄዋን በሳህለ ቫን ትሄዳለች። እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ትሰቅላለች፤ እሱ ይቆጣል፤ ታወርዳለች፤ በሁለተኛው መብራት መልሳ ትሰቅላለች። የሳህለ ሁለት ወንዶች ልጆች ሲያትል ናቸው፤ የሚደውሉት በዓል ሲደርስ ነው። ይህችን ልጅ ከልቡ ነው የሚወዳት። ሲወድ ግን እንዴት ያለ ሰው እንደሚሆን ማንም አልጠየቀውም።

አዲስ አበባ ሲያስተምር አንድ ጊዜ ለእህቱ ልጅ ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቶ ነበር። ልጁ ዘጠኝ የሚገባው ሯጭ ነበር፤ ማን ይመን! «ለዘመዱ አዳላ» ተብሎ የወላጆች ኮሚቴ ፊት ቆመ፣ ማስጠንቀቂያም ተጻፈበት። ከዚያ ወዲህ የእኔ የሚለው ሰው ፊቱ ሲቆም እጁ ሳያስበው ወደ ታች ይወርዳል። ይህን እንደ ነውር ቆጥሮት አያውቅም፤ እንዲያውም ጨዋነት ይለው ነበር።

በሰኔ መጨረሻ ዳረን ከሌሎቹ ሁለት ገምጋሚዎች ጋር ቁጭ ብሎ የምዘናውን ደንብ አስረዳ። ሦስቱ ገምጋሚዎች እሱ ራሱ፣ ኬሊ የምትባል የሩጫ አሠልጣኝና ሳህለ ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ በአምስት ነገር ከአሥር አሥር ይመዘናል፦ በመምታት፣ ከአየር በመያዝ፣ በቡጢ በማቀበል፣ በሩጫና በማስተዋል። ድምሩ የበለጠላቸው ስድስት ልጆች ካሊፎርኒያ በሚደረገው የታዳጊዎች ካምፕ ይሄዳሉ፤ እዚያ ለአገር አቀፉ ቡድን የሚመርጡ ሰዎች ያዩዋቸዋል። ሄዋን ስለዚህ ካምፕ ከበረዶው ወራት ጀምሮ ስታወራ ነበር።

የተመዘኑት ከፎርት ኮሊንስ ከመጣ ቡድን ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው የኦሮራ ልጆች በሦስት ነጥብ እየተመሩ ነበር። ኳሱ ከፍ ብሎ መጣ። ሄዋን በአንድ ራስ ከሚበልጣት ልጅ ጀርባ ተነስታ ከአየር ቀለበችው። ደንቡ ቆማ እንድትመታ ይፈቅድላታል፤ ወላጆቹም «ምቺ!» እያሉ ጮኹ። ርቀቱ ግን ከእግሯ በላይ ነበር፤ እሷም አወቀች። በቡጢ ወደ ጎን አቀበለች፤ እዚያ ማዲ የምትባል ጓደኛዋ ብቻዋን ቆማ ነበር። ማዲ መታች፤ በመሐል ገባ፤ በሦስት ነጥብ አሸነፉ። ማዲን ተሸክመው ዞሩ። ሳህለ አንገቱ ላይ የደም ሥሩ እስኪገተር ፏጨ።

ከጀርባው የቆመች አንዲት እናት ትከሻውን ነካ አድርጋ «የልጅ ልጅህ ናት አይደል? እንዴት ትኮራባት ይሆን!» አለችው። ሴትዮዋ ምስኪን ናት፣ በቅንነት ነው ያለችው። ሳህለ ግን ኮሚቴው ከነጠረጴዛው ተመልሶ የመጣበት መሰለው። ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ለሁሉም ልጅ ያየውን ጻፈ፤ ለማዲ ሠላሳ ሰባት ሰጠ፣ የሚገባትን። ሄዋን ጋ ሲደርስ መምታት አምስት፣ መያዝ ስድስት፣ ማቀበል አራት፣ ሩጫ ስድስት፣ ማስተዋል ስድስት አለ። ከሥሩ «ለመወሰን ትንሽ ትዘገያለች» ብሎ ጨመረበት። ድምሩ ሃያ ሰባት ሆነ። ሌሎቹ ሁለቱ ከፍ አድርገው እንደሚሰጧት ያውቅ ነበር፤ የእኔዋ ቁጥር አትጎዳትም አለ በሆዱ።

ሐሙስ ዕለት ዝርዝሩ ወጣ። ማዲ በመቶ አሥራ ሁለት ስድስተኛ ናት። ሄዋን በመቶ አሥር ሰባተኛ።

ቫኑ ውስጥ ሄዋን እግሯን አልሰቀለችም። ለየልጁ የተሰጠውን ወረቀት ይዛ ደጋግማ ታነበዋለች፤ የገምጋሚዎቹ ስም አልተጻፈበትም፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ነው የሚለው።

«አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ ሃያ ሰባት» አለች። «ላይክ፣ ሃያ ሰባት? ሁ ዳዝ ዛት?»

ሳህለ መሪውን ጨበጠ።

«ኬሊ ናት አይደል ጋሼ? ሩጫ ላይ አንድ ቀን ስላረፈድኩ ነው። ምን አደረግኳት ግን?»

«መንገዱን ልይበት እስቲ» አላት። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ መኪናም አልነበረበትም። ሰው በስልሳ ሦስት ዓመቱ እንዲህ ይፈራል እንዴ? ሳህለ ፈራ። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ እሱም በሰው ስም ተከልሎ ዝም ብሎ ነዳ።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ኮሜርስ ሲቲ ሄደ፤ ዳረን እዚያ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ሳንድዊቹን ይዞ ወጣ፤ ሳህለም ቆሞ ሁሉንም ነገረው። «ለእሷ የጻፍኩት ያየሁትን አይደለም። አስተካክልልኝ።»

ዳረን ማኘኩን ተወ። «ሰው ለሚወደው ሲጨምር አይቻለሁ» አለ። «ሲቀንስ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ምን ነካህ?»

«ሰው አዳላ እንዳይለኝ።»

«አዳልተሃል እኮ! በእሷ ላይ።»

ዳረን የአውሮፕላን ቲኬቱ ተቆርጧል፣ የስድስቱም ስም ካሊፎርኒያ ደርሷል አለ። «ማዲ ለአያቶቿ ሳይቀር ነግራለች። አሁን ሄጄ ተሳስተናል፣ ቅሪ ልበላት? የእሷ ሠላሳ ሰባት ውሸት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ዝርዝሩ አይነካም። ሄዋን በሚቀጥለው ዓመትም ዕድሜዋ ይፈቅድላታል፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ግን ሂድና ንገራት። ጥፋቱ ኬሊ ላይ እንዳይቀር።»

እሑድ ከቸርች መልስ ሳህለ አንድ ፎቅ ወጥቶ አንኳኳ። ምንትዋብ የኳየር ልብሷን ሳትቀይር ከፈተችለት፤ ለስላሳ ቀዳችለት፣ ሶፋው ላይ እንዲቀመጥ ጋበዘችው። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሄዋን ክፍሏ ውስጥ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

«ምንትዋብ፣ ይቺ ሃያ ሰባት የኔ ናት» አለ ሳህለ ሳይቀመጥ።

ምንትዋብ ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች፤ ፊቷ ፈካ። «እኔስ ማነው እንዲህ የሚያስብላት እያልኩ ነበር! አበጁ ጋሽ ሳህለ። ልጅ ፊት ለፊት ከተወደሰ ልቡ ያብጣል። እኔም ኤ ይዛ ስትመጣ ኤ ፕላሱ የት ሄደ ነው የምላት። እነዚህ ፈረንጆች አርባ ምናምን እየሰጡ ያበላሹብኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ይኸውልህ፣ መውጫው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። አሜን ብሎ ለስላሳውን ጠጥቶ መውረድ ይችል ነበር፤ ተመስግኖም ጭምር። ሳህለ ገርበብ ያለውን የክፍሏን በር አየ።

«አላበጀሁም» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዋሸሁ ምንትዋብ። ልጅሽ በዚያ ሜዳ ላይ ያደረገችውን በዓይኔ አይቼ፣ ያላየሁትን ጻፍኩ። ካምፑ የቀረባት በኔ ነው።»

ምንትዋብ ቁጭ አለች። ውሸት በዚያ ቤት ቀላል ቃል አይደለም። «ዋሹ?» አለች።

ሄዋን በሩ ላይ ቆማለች። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ መጥታ ወረቀቱን ገለበጠችና በባዶው ጀርባ ላይ እስክሪብቶ አኖረች። «እውነቱን ይጻፉ» አለችው።

ሳህለ መነጽሩን አደረገ። ጮክ ብሎ እየተናገረ ጻፈ። «መምታት፣ ሰባት። ግራሽ ገና ነው።» ቀጠለ። «መያዝ፣ ዘጠኝ። ማቀበል፣ ስድስት፤ እዚህ ላይ ከኔ ጋር አትከራከሪ፣ በግራ እጅሽ ኳሱን ትጥይዋለሽ። ሩጫ፣ ስምንት። ማስተዋል...» እስክሪብቶውን አንስቶ ልጅቷን አየ። «ማስተዋል፣ ዘጠኝ። ሁሉም ምቺ እያለሽ፣ አንቺ ለማዲ ሰጠሽ። እኔ ብሆን ኖሮ እመታ ነበር።»

«ዘጠኝ ከስንት?» አለች ምንትዋብ በቀስታ። ልጇ ስትጫወት አንድ ቀን አይታ አታውቅም።

«ከአሥር።»

ምንትዋብ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሄዋን ደመረች። «ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ቢሰጡኝ ሄጄ ነበር።»

«ሄደሽ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን አይሆንም። ለምኜ ነበር፣ አይሆንም። ማዲ ምንም አላጠፋችም።»

እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ኬሊን በሆዴ ስሰድባት ነበር» አለች።

«እሱም የኔ ጥፋት ነው።»

«የሌሎቹ ሁሉ እውነት ነው? የቲሙ በሙሉ?»

«በሙሉ።»

«ሶ ውሸት ያገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዋይ? ለምን?»

ሳህለ ለገዛ ልጆቹ እንኳ ብሎት የማያውቀውን ነገር በምንትዋብ ሳሎን ውስጥ፣ የተቀዳ ለስላሳ ፊቱ ተቀምጦ አለው። «ስለምወድሽ።»

ሄዋን አልሳቀችም፣ አላቀፈችውም። ወረቀቱን አንስታ በአራት አጠፈችው፤ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። እናቷ ልትነካት እጇን ብትዘረጋ ወደኋላ አለች። ወደ ክፍሏ ሦስት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመለሰች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«በሚቀጥለው ዓመት» አለችው፣ «እንደማያውቁኝ ሆነው ይስጡኝ። ፕሊስ ጋሼ።»

ሳህለ «እሺ» አለ። ለማለት ግን ጊዜ ወሰደበት።