ከመሬት በታች የሠራነው አጥር

በግንበኝነት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ቤት ያነጠፍኩት ሴራሚክ አንድም ቀን ተነሳ ተብዬ አላውቅም። የራሴ ተነሳ። አንድ ቀን ጧት አካፋ ላወጣ ጓሮ ወዳለው ዕቃ ቤቴ ስገባ የሆነ ነገር አደናቀፈኝና በአፍጢሜ ልደፋ ስል የበሩን መቃን ይዤ ተረፍኩ። ጎንበስ ብዬ ባይ ግድግዳው ሥር ያለችው ሴራሚክ በአንድ ጎኗ ቀና ብላለች፤ ከሥሯ ደግሞ አውራ ጣቴን የሚያህል ሹል ቡቃያ ብቅ ብሏል። ቀርከሃ ነው። የእህቴ ቀርከሃ።

እህቴ ታናሼም ጎረቤቴም ናት። የሁለታችንን ግቢ የሚለየው ወገብ የሚደርስ አጥርና የዚህ ዕቃ ቤት የኋላ ግድግዳ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፣ ከመስኮቱ ወዲያ ቀርከሃው። የተከለው ባሏ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና፣ አንዲት ቁራጭ ሥር በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶ በአሥር ዓመት ጫካ አደረጋት። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ለእኔም ከአማችነቱ ይልቅ ጓደኝነቱ ይበልጥ ነበር። ከሞተ ወዲህ ያንን ግቢ መርገጥ ስለከበደኝ፣ እህቴን በአጥር ላይ “እንዴት አደርሽ” ብዬ ማለፍ ልማዴ ሆነ። ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አውቃለሁ።

የዚያን ቀን ግን ደሜ ፈልቶ ስለነበር መጥረቢያዬን አንስቼ ወጣሁ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ጠበቀችኝ።

“እህትህን ልታናግር ነው ወይስ ልትፈልጥ?” አለችኝ። “መጥረቢያውን አስቀምጠውና ሂድ።”

አስቀመጥኩት።

እህቴ የሰው ቀሚስ እያጠበበች ነበር፤ አፏ ውስጥ አራት አምስት መርፌ ይዛለች። እኔ ስጮህ እሷ መርፌዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ጨርቁ ላይ ሰካቻቸው። ጩኸቴ ሳያልቅ መርፌው አለቀ፤ እሷም ጠበቀችኝ።

“ልክ ነህ ጋሼ” አለች። “ቤትህ እየፈረሰ ዝም በል አልልህም። ከመነቀሉ በፊት ግን አንድ ሰው ላማክር። እሱ ከተነቀለ እዚህ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ የማየው ነገር የለኝም።”

በማግስቱ አንድ አዛውንት አትክልተኛ ይዛ መጣች። እርጋታቸው ያናድዳል። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩት፣ አፈሩን በጫማቸው ጫፍ ጫር ጫር አደረጉና እንዲህ አሉ፦ “የዚህ ሥር ወደ ታች ብዙ አይወርድም፤ ሩጫው ወደ ጎን ነው። መንገዱን ከዘጋንበት ይመለሳል።” ዘዴያቸው ቀላል ነው። በቀርከሃውና በግድግዳው መካከል እስከ ጭናችን የሚደርስ ቦይ እንቆፍራለን። ወዲህ የተሻገረውን ሥር ለቅመን እናወጣለን። ከዚያ ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ቦዩ ውስጥ እናቆምና አፈሩን መልሰን እንደፍናለን። ሥሩ ፕላስቲኩን መብሳት ሲያቅተው ሽቅብ ይወጣል፤ ብቅ ያለውን በዓመት አንድ ሁለቴ ማየትና መቁረጥ ነው። “ጫፉ ግን ከመሬት በላይ አራት ጣት ይትረፍ” አሉ መጨረሻ ላይ። እኔ ሰው ሲያስተምረኝ ጆሮዬ ይደፈናል። ሥራውን በወጉ መጨረስ ያቃተው ሰው ሰበብ ነው ብዬ አለፍኩት።

“በዚህ ልሞክር” አለች እህቴ። “ከዚህ በኋላ አንድ ቡቃያ ተሻግሮ ከተገኘ ግን ቀርከሃው ከነሥሩ ይወጣል። ቃሌ ነው።”

አራት ቀን ፈጀብን። ሥሩን ያላየ አያምነኝም፤ እንደ ገመድ እየተጠላለፈ እስከ ዕቃ ቤቴ መሠረት ደርሶ በድንጋዮቹ መካከል ክፍተት ይፈልግ ነበር። እኔ በዶማ ስቆርጥ አትክልተኛው ይጎትታሉ፤ እህቴ ደግሞ በመስኮት “ያ ቀረ፣ ያኛውም ቀረ” እያለች ታዘናለች። በሦስተኛው ቀን ፕላስቲኩን አቆምን፤ የሁለቱን ቁራጭ መጋጠሚያ በብረትና በቡሎን አሠርነው። አትክልተኛው “መድፈኑ ላይ እኔ አላስፈልግም” ብለው ሄዱ።

አራተኛው ቀን የኔ ነበር። አፈሩን እየደፈንኩ በእግሬ ጠቀጠቅሁት። እህቴ ምሳ አውጥታ ቀርከሃው ጥላ ሥር በላን። ባሏ አንድ ጊዜ ቀለም ሊቀባልኝ መጥቶ ራሱን ቀብቶ የተመለሰበትን ቀን አነሳንና እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከሞተ ወዲህ ስሙን በሳቅ ስናነሳ የመጀመሪያችን ነበር። ከምሳ በኋላ ሥራዬን ቆሜ ሳየው የፕላስቲኩ ጫፍ እንደ ውሻ ጆሮ አንዱ ጋ ቀና፣ አንዱ ጋ ጎንበስ ብሎ ወጥቷል። እኔ የሠራሁት ነገር እንደዚያ ሆኖ አይታይም። ሲባጎ ወጠርኩ፣ ውሃ ልኬን አመጣሁ፣ ከዚያ እያፏጨሁ ከመሬቱ እኩል በቢላ ቀጨሁት። ላዩ ላይ ጠጠር በተንኩበት። እዚያ አጥር አለ ብሎ የሚገምት ሰው አይኖርም፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

የክረምቱ ዝናብ መጥቶ ከሄደ በኋላ እህቴ ራሷ በሬን አንኳኳች።

“ጋሼ፣ ቡቃያው ወጥቷል” አለችኝ። ድምፅዋ የተለመደው ነው፤ ዐይኗ ግን ቀልቷል። “ቃሌ ቃል ነው። ቅዳሜ ይነቀል።”

ሄጄ አየሁት። ከግድግዳዬ ሁለት ስንዝር ላይ አንዲት ቡቃያ ቆማለች። ጠጠሩን ገፋ አድርጌ በጣቴ አፈሩን እየጫርኩ ሥሯን ወደ ኋላ ተከተልኩ። ፕላስቲኩ አንድ ቦታ እንኳ አልተበሳም። ሥሩ ልክ አትክልተኛው እንዳሉት ሲያቅተው ሽቅብ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን የሚያግደው አጣ። እኔ ቀጭቼዋለሁ፣ በጠጠርም ሸፍኜለታለሁ። ሳይታይ ተሻገረ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ዝም ማለት ነበር። ማንም አላወቀ። ቀርከሃው ይነቀላል፣ ግድግዳዬ ዕድሜ ልኩን ሰላም ያገኛል፣ ጥፋቱ የፕላስቲኩ ይሆናል። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል ሰነበትኩ። ምግብ ሳይቀር አልጥም አለኝ፤ ባለቤቴ አመመህ እንዴ ስትለኝም ተቆጣኋት።

ዓርብ ከሰዓት እህቴ ቤት ገባሁ። የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ አንስታ ጥግ አስይዛለች። እሷ ወንበር ላይ ቆማ የመስኮቱን ወርድ በሜትር ትለካለች።

“ምን እየሠራሽ ነው?”

“መጋረጃ ልሰፋ። ነገ ሲነቀል ፀሐዩ በቀጥታ ይገባል።”

“መጋረጃውን ተይው። አይነቀልም” አልኳት። “ጥፋቱ የኔ ነው። ይትረፍ የተባለውን ጫፍ ቆርጬዋለሁ፤ የተሻገረው በዚያ ነው። ነገ አትክልተኛውን ጠርቼ ጫፉን አስቀጥለዋለሁ።”

ሜትሩን ቀስ ብላ ጠቀለለች።

“አውቃለሁ” አለች።

“ምኑን?”

“ስትቆርጠው በመስኮት አይቼሃለሁ።”

“ታዲያ ምነው ያኔ ዝም አልሽ?”

ከወንበሩ ወረደችና ፊት ለፊቴ ቆመች። “ብነግርህ ትቆጣለህ። ተቆጥተህ ዕቃህን ሰብስበህ ትሄዳለህ። ሁለት ዓመት ግቢዬን ያልረገጥክ ሰው አራት ቀን አብረኸኝ ዋልክ፤ እያፏጨህ ነበር ደግሞ። ከዚያማ ቀርከሃው ይቅርብኝ አልኩ።”

እህቴ፣ እኔ ተቆጥቼ እንዳልሄድባት፣ የባሏን ተክል ለማጣት ቆርጣ ነበር። አፈርኩ። ከዕፍረቱ በላይ ግን እንደዚያ አብሬያት እንድሆን መፈለጓ ደስ አለኝ።

“ሌላስ” አልኳት፣ “ፈርተሽኝ ያልነገርሽኝ ነገር አለ?”

“አለ” አለች ወንበሩን ወደ እኔ እየገፋች። “ተቀመጥ።”

ተቀመጥኩ።