ማንአለኝን የማጫወቻ መመሪያ

፬.

ውሻው እስኪያገኝዎ ድረስ ከተደበቁበት አይውጡ።

(ከአራት የጀመርኩት ቁጥር ጠፍቶኝ አይደለም። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀድሞ ይታወቅ ብዬ ነው። ወደ አንድ እንመለስ።)

፩.

ውሻው የስንዱን ሁለት ጥንድ ጫማና የሶፋውን ጥግ አኝኮ ጨረሰ። ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደችው። ሐኪሙ ዓይኑንም ጥርሱንም አየና «ይሄ ውሻ ጤነኛ ነው፤ ሥራ ፈትቶ ነው» አላት። አራተኛ ፎቅ ላይ ተዘግቶ የሚውል ፍጡር አእምሮው ካልተጫወተ ይበላሻል ብሎ፣ የቤት ውስጥ ጨዋታዎች የተጻፉበት አንድ ወረቀት ሰጣት።

ስንዱ ወረቀቱን ቤት ገብታ አነበበችና ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው። አቶ እሸቴም አራተኛ ፎቅ ላይ ተዘግተው ነው የሚውሉት። የዛሬን ቀን ስም ከጠየቀቻቸው በኋላ ወረቀቱን ለሳቸው ሰጠቻቸው። የዛሬን ቀን ስም አላወቁትም ነበር።

፪.

ስለ ስሙ።

ባገራችን የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። ውሻው ሲጠራ የሚገባው ይገባዋል። የአቶ እሸቴ ሚስት በሞቱ ዓመት፣ የድሮው ሰፈር ሳይፈርስ፣ እትዬ አሰገደች የሚባሉ ጎረቤት «እንግዲህ ልጅቷም ታገባለች። ማን አለዎት?» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡላቸው። ሐዘኔታው አንገበገባቸው። በሳምንቱ ቡችላ አመጡና በሴትዮዋ አጥር ሥር «ማንአለኝ! ማንአለኝ!» እያሉ ይጠሩት ጀመር። እትዬ አሰገደች ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሷቸው።

ያኔ ቀልድ ነበር።

፫.

ጨዋታዎች።

ሀ) ሦስት ኩባያ ይድፉ። ባንዱ ሥር ቁራጭ ሥጋ ይደብቁ።

አቶ እሸቴ የትኛው ሥር እንደደበቁ ይጠፋቸዋል። «የቱ ነበር ጃል?» ብለው ውሻውን ይጠይቁታል። ሠላሳ ዓመት የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው እያንዳንዷ ብሎን የት መደርደሪያ ላይ እንዳለች መብራት ጠፍቶ እንኳ የሚያውቁ ሰውዬ እኮ ናቸው!

ለ) ፎጣ ጠቅልለው በየእጥፋቱ የዳቦ ፍርፋሪ ያስቀምጡ።

ፎጣው ሁለት ቀን ጠፋ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ።

ሐ) ድብብቆሽ። ይደበቁና ስሙን አንዴ ብቻ ይጥሩት። ሲያገኝዎ ፊትዎ ቁጭ ይላል። ያኔ «ጎበዝ» ይበሉት። ቃሉን ከተደበቀው ሰው አፍ ካልሰማ አይነሳም።

ይቺን ወደዷት። ሁሉ ነገር ሲረሳቸው አራተኛዋ ደንብ ብቻ አልጠፋቻቸውም።

ስንዱ፦ አባዬ፣ በቃ ውጣ፤ ምሳ ቀርቧል።

አቶ እሸቴ፦ (ከቁም ሣጥኑ ውስጥ) አልተገኘሁም።

ስንዱ፦ ይኸው አገኘሁህ እኮ!

አቶ እሸቴ፦ አንቺ አትቆጠሪም።

ስንዱ ያን ቀን ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሳቋ ነበር።

፬.

ውሻው እስኪያገኝዎ ድረስ ከተደበቁበት አይውጡ።

፭.

ሐሙስ።

ጎረቤቶች ውሻው ደረጃ ላይ እየጮኸ አስቸገረን ብለው ስለነበር፣ ስንዱ ሥራ ስትሄድ መኝታ ቤት ቆለፈችበት። የውጭውን በር ሳትቆልፍ ወጣች።

ውሻውን ቆልፋ አባቷን ረሳች። ይሄን ዐረፍተ ነገር ለስለስ አድርጌ ልጽፈው ሦስቴ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ለምሳ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። አባቷ የሉም።

፮.

ያዩ ሰዎች ቃል።

ባለሱቅ፦ «አዎ፣ ሦስት ሰዓት ግድም። እዚህ ቆመው ‹ማን አለኝ!› አሉ። ‹አይዞዎት አባባ፣ እግዚአብሔር አለልዎ› አልኳቸው።»

የታክሲ ተራ አስከባሪ፦ «‹ማን አለኝ!› ሲሉ ሰማኋቸው። ‹እኛ አለንልዎ› ብዬ መንገዱን አሻገርኳቸው።»

አትክልት ሻጯ፦ «ምስኪን! ‹ማን አለው ሰው፣ አባቴ› አልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።»

ደንቡ አንዴ ነው የሚለው፤ የደጋገሙት መጥራታቸውን እየረሱ መሰለኝ። ውሻ እየጠሩ ነው ብሎ የጠረጠረ አንድ ሰው የለም። ሁሉም አዘነላቸው፤ ሁሉም አሳለፋቸው።

ስምንት ሰዓት ላይ ዶፍ ወረደ።

ስንዱ «አባዬ!» እያለች ሰፈሩን አካለለች። ፖሊስ ጣቢያ አመለከተች። መንገድ ማዶ ያለውን ጅምር ሕንፃ ሳይቀር ገብታ ጮኸች። መልስ የለም።

አንቺ አትቆጠሪም።

፯.

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በስብሳ ቤት ገባች። የመኝታ ቤቱ በር ከውስጥ ሲቧጨር ሰማች።

«ወይኔ!» ብላ ፊቷን በጥፊ መታች። «ወይኔ ስንዱ!»

ስትከፍትለት ውሻው አራቱን ፎቅ ተምዘግዝጎ ወረደ፤ እሷም ተከተለችው። ሱቁን አለፈ። ታክሲ ተራውን አለፈ። መንገዱን ተሻገረ። ወደ ጅምሩ ሕንፃ ገባ፤ እሷ ቆማ የጮኸችበት ቦታ ላይ ደረሰና ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ያልፋል። ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ቆርቆሮ አለ።

ውሻው ከቆርቆሮው ፊት ውሃው ውስጥ ቁጭ አለ። አልጮኸም። ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ።

ስንዱ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባዬ፣ ተገኘህ» አለች። «እኔ አይደለሁም ያገኘሁህ። ማንአለኝ ነው።»

፰.

አንባቢ ሆይ፣ የቀረችው አንዲት ቃል ናት። ከማን አፍ መውጣት እንዳለባት ያውቃሉ። ውሻውም ያውቃል፤ ስለዚህ እስካሁን አልተነሳም።

«                              »