ለድሮ ድምፅ አዲስ ጥርስ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ ጥርስ ሠሪዋን ማቅለሽለሽ ይጀምራታል። ታማ አይደለም። ሬዲዮ ጣቢያው ድሮ ቅዳሜ ማታ ይተላለፍ የነበረውን «ከአስር እስከ አንድ» የሚባል ፕሮግራም ከመጋዘን አውጥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ በየሳምንቱ እንደገና ማሰማት ከጀመረ ወዲህ ነው። አድማጭ የመረጣቸው አስር ዘፈኖች ይሰለፋሉ፤ አቅራቢው ከአስረኛው ተነስቶ ወደ አንደኛው ይወርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ሲባል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ፣ መስኮቱን በርግዶ፣ ሬዲዮውን እስከ ጥግ ከፍቶ ይቀመጣል።

ማዳመጣቸውስ ይሁን። አንጀቷን የሚያሳርራት ማስመሰላቸው ነው። ውጤቱ ከታወቀ ስንት ዘመኑ! ከዘፋኞቹ ግማሾቹ አፈር ለብሰዋል፣ የቀሩትም ድምፃቸው ተዘግቶ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ይህን ሁሉ እያወቁ፣ ሦስተኛው ሲጠራ ልክ ዛሬ እንደሰሙት ጭናቸውን ይመታሉ፤ ሁለተኛው ሲጠራ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። አንደኛው ማን እንደሆነ ቀድሞ የሚያወራ ካለማ ሊደበድቡት ይደርሳሉ። ከዚያ እንባ። ከእንባው በኋላ ደግሞ ከንፈር መምጠጥ፣ «ያ ጊዜ ጊዜ ነበር» እየተባባሉ።

በቀላሉ የምትጸየፍ ሴት አይደለችም። ከጥርስ ሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው አፍ ልክ በጀሶ እየገለበጠች፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትደረድርና ስትሞርድ ትውላለች። ባለቤቱ ከገዛው ጀምሮ ያላጠበውን ጥርስ፣ የከረመ ምግብ እንደተሰገሰገበት፣ በባዶ እጇ ተቀብላ ታውቃለች። የእነዚያን ሰዎች እንባ ግን ትጸየፈዋለች።

ነገሩን የሚያባብሰው፣ ያ ማር የሚያንጠባጥብ የአቅራቢው ድምፅ የአባቷ መሆኑ ነው።

አባቷ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው። በአፉ ውስጥ አንድም የራሱ ጥርስ የለም። ድሮ ያሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ድዱ ሲሟሽሽ ሰፍቶት፣ ባወራ ቁጥር እየተንቋቋ ስላስቸገረው ብርጭቆ ውስጥ ጥሎት ቀርቷል። ባዶ አፉን ይዞ ደግሞ ማውራት ያፍራል። ሱቅ ሲሄድ የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል፤ ጎረቤት ሰላም ሲለው በአንገቱ ይመልሳል። ቅዳሜ ሲሆን ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የገዛ ድምፁን እየሰማ፣ ድዱ እስኪታይ ፈገግ ይላል። እውነቱን ለመናገር ይህም ያስጠላታል። ሰው እንዴት በራሱ ድምፅ ምራቁ ይዝረከረካል?

አንድ ቅዳሜ ሐኪሙ ድዱን እንዲያይለት ይዛው መጣች። ሐኪሙ እጁ ላይ ሰው ስለነበረ መጠበቂያው ክፍል አስቀምጣው ወደ ሥራዋ ገባች። ሬዲዮው እንደ ልማዱ ያገሳል፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ፣ ጉንጩ ያበጠውም ያላበጠውም፣ ጆሮውን አቁሟል። ድምፁ «ሰባት!» ሲል አባቷ ሳይታወቀው አብሮ «ሰባት» አለ። ከአፉ የወጣው ግን ሰባት አልነበረም፤ ነፋስና ምራቅ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠች ቦርሳዋን ያቀፈች ሴት እጅጌዋን ጠረገችና ፊቷን አዞረች።

«አባት፣ ካላስቸገርንዎ ዝም ይበሉልን፤ እሱን እንስማበት።»

«ይቅርታ» አለ አባቷ፤ እጁንም አፉ ላይ ከደነ።

ጥርስ ሠሪዋ በበሩ ክፍተት ይህን አየች። ደሟ ፈላ። ሞረዷን እንደያዘች ወጥታ፣ ዝም በል የተባለው ሰውና የሚያዳምጡት ሰው አንድ መሆኑን አፍ አውጥታ ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ያመለጣትን ንግግር በኋላ ስንት ጊዜ ተጸጽታበታለች። ክፍሉ ተንጫጫ፤ ዝም ያሰኘችው ሴት እጁን ይዛ ካልሳምኩ አለች፤ ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ጥርሱን ሊነቀል የመጣ አንድ ቦርጫም ሰው ደግሞ ሕመሙን ረስቶ ብድግ አለ። «የከአስር እስከ አንድ ወዳጆች ማኅበር» የሚባል ነገር ሊቀመንበር ኖሯል። ማኅበሩ በቅርቡ አዳራሽ ተከራይቶ ትልቅ የማዳመጫ ዝግጅት እንዳለው ተናገረና፣ ጋሼ መጥተው ራሳቸው ከአስር እስከ አንድ ይቁጠሩልን ብሎ እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

አባቷ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። ጢሙን በየጠዋቱ ይላጫል፤ ሱፉን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። እሷም ወገቧን ታጥቃ ጥርስ ልትሠራለት ተነሳች።

በእሷ ሙያ የጥርስ መልክ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ማናገሩ ነው፤ ለዚህም ደንበኞቿን ሁሉ ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ ሰባት እያሰኘች ትፈትናቸዋለች። ቁጥር ጥርስ ለሌለው ሰው ወጥመድ ነው። አስር፣ ስምንት፣ ሰባት፣ ሦስት፤ ሁሉም በምላስና በጥርስ መሃል በቀጭኑ የሚሾልክ ትንፋሽ ይፈልጋሉ። የሁሉም ክፉ ስድስት ነው። በአባቷ አፍ ስድስት አንዴ ያፏጫል፣ አንዴ ይተፋል፣ አንዴ ጭራሽ ላንቃው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የላይኛውን ጥርስ ከኋላ በኩል ትንሽ ትሞርድና ታስገባለታለች፤ ይሞክራል፤ ታወጣለች፤ ደግሞ ትሞርዳለች። ቤት ሲገቡም ወጥ ቤት ቆሞ ለድስቱና ለጭልፋው ሲቆጥር ያመሻል።

አንድ ቀን ስድስት ጥርት ብሎ ወጣ። ሁለቱም ተያዩ። አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ወዲያ ወዲህ እያለ ደጋግሞ ጠራው። ድምፁ የድሮው አይደለም፤ ሻክሯል፣ መሃል ላይ ይሰበራል፣ ግን የሰው ድምፅ ነው። ጥርስ ሠሪዋ ደስ አላት። ያን ሰሞን ቅዳሜ እንኳ አላቅለሸለሻትም።

ሊቀመንበሩ ጉንጩ ጎድሎ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ ቤታቸው መጣ። አባቷ ሱፉን ለብሶ ቆመና ከአስር እስከ አንድ ቆጠረለት። አንዱንም አልሳተም። ሊቀመንበሩ ግን ሰባት ላይ ሲደረስ ፊቱ ቅጭም አለ፤ ስድስት ላይ የተበላሸ ነገር ነክሶ ሰው ፊት መትፋት ያፈረ ይመስል ነበር። ሲያበቃ አጨበጨበ። ከዚያ ውሃ ልጠጣ ብሎ ጥርስ ሠሪዋን ተከትሎ ወጥ ቤት ገባ።

«እህቴ፣ ጋሼ የዓይናችን ብሌን ናቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ሰው የሚመጣው ያንን ድምፅ ብሎ ነው። ቅጂውን እኛ እናጫውታለን፤ እሳቸው ማይኩን ይያዙና አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ።»

ጆሮዋን ማመን አቃታት። እሱ ግን አልጨረሰም። የየትኛው ሳምንት ቅጂ እንደሆነ ነገራት፤ ጥርሱ ለፎቶ ትንሽ ነጣ ቢል እንደሚሻልም አከለበት፤ ያቀረበችለትን ውሃም ግጥም አድርጎ ጠጣና አመስግኖ ሄደ። ብርጭቆውን አንዴ አጠበችው። ጠረኑ ያልለቀቀ መስሏት ደግማ አጠበችው።

ለአባቷ ስትነግረው ሰውየውን ይረግመዋል፣ ዝግጅቱንም ገደል ይግባ ይላል ብላ ነበር የጠበቀችው። አባቷ ግን የየትኛውን ሳምንት ቅጂ እንደሚያጫውቱ ጠየቃት። ነገረችው።

«እሱ ጥሩ ነው» አለ። «ያን ቀን ጉንፋን አልነበረብኝም።»

ያኔ ፈነዳች። አሻንጉሊት ሊያደርጉህ ነው፤ እኔ ጥርስ የሠራሁልህ ልታወራበት እንጂ ልታገጥጥበት አይደለም፤ ክብር የሚባል ነገር የለህም ወይ፤ ያልተናገረችው አልነበረም። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከመጸየፍ አልፋ አባቷን ደርሳ መጸየፏ ለራሷም እየተሰማት፣ ማቆም ግን አልቻለችም። እስክትጨርስ ጠበቃት።

«ልጄ» አለ በአዲሱ ጥርሱ፣ ቃል በቃል እየለየ፣ «እነሱ ብቻ አይደሉም። እኔም የምወደው ያንን ነው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሱ ግን ሌላ ነገር ያሰጋው ነበር። የመድረኩ መብራት ዓይኑን ቢወጋው፣ ቃሉ ቢጠፋው፣ አፉ ከቅጂው ተለይቶ ቢቀርና ሰው ቢስቅበትስ? ስለዚህ ከፊት ወንበር እንድትቀመጥለት ለመናት። አፉን ብቻ እያየች እንድትቆይ፣ ከወጣ እጇን እንድታነሳለት፤ እሷን አይቶ ቦታው ይመለሳል። እየቀፈፋትም እሺ አለች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው እንኳ አፉን ይይለት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ወንዶቹ አልቆለፍ ያላቸውን የወጣትነት ኮታቸውን በግድ ደርበዋል፤ ሴቶቹ ሽቶ ነስንሰዋል፤ ሽቶና ላብ ተደባልቆ ጉሮሮ ይዘጋል። አባቷ መሃል መድረክ ላይ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጧል። የያዘው ማይክ ሽቦ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ ጫፉ የትም አልተሰካም። መብራቱ ቀነሰ። ቅጂው ትንሽ ተንሿሿና ያ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

አስር ላይ ልክ ነበር። ዘጠኝ ላይ፣ ስምንት ላይም ልክ ነበር። ዓይኗን ከአፉ አልነቀለችም፤ ጥርሱ ተስማምቶታል፣ ከንፈሩ አይጎትትም። ዘፈኑ ሲገባ ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን ሰው አየች። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሊቀመንበሩ ጨፍኗል፣ ያቺ ቦርሳ ያቀፈችው ሴት ጨፍናለች፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ አንድም የተገለጠ ዓይን የለም። ሽማግሌውን መብራት ላይ ሰቅለው፣ ጥርሱን አስነጥተው፣ እንዳያዩት ተከድነዋል። ምነው፣ ከቤቱ ለምን አወጡት ታዲያ? ጥርሷን ነክሳ ወደ አባቷ አፍ ተመለሰች።

ሰባተኛው ዘፈን ሲያልቅ ድምፁ እንደ ድሮው ለአድማጭ ጥቂት ማውራት ጀመረ። መብራታችሁን ዝቅ አድርጉ አለ። ልጆቻችሁን አልብሷቸው፣ ይተኙ፤ እኔ እዚሁ ነኝ አለ። ጥርስ ሠሪዋ ይህን ታውቀዋለች። በእነዚያ ቅዳሜዎች አባቷ ቤት አያመሽም ነበር፤ እናቷ ሬዲዮውን አልጋዋ ራስጌ ታኖርላትና ልጅቱ ያን ንግግር ለእሷ ብቻ የተባለ እየመሰላት ትተኛ ነበር። አሁንም እንደ ልጅነቷ ዓይኗን ጨፈነች። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፣ ወዲያው እመለሳለሁ አለች በልቧ።

ድምፁ «አራት!» ሲል ዓይኗን ገለጠች። ወንበሩ ባዶ ነው። ማይኩ ወንበሩ ላይ ተጋድሟል። በአዳራሹ ውስጥ መሄዱን ያየ ሰው የለም፤ አንዱ እንዲያውም በደስታ እየተወዛወዘ ነበር።

አባቷን በጎን በር በኩል ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጥርሱን አውጥቶ በመሀረብ ጠቅልሎ ይዞታል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ስድስት ላይ ከቅጂው ወጣሁ» አለ። በባዶ አፉ ስድስት ተፈረካከሰ። «ወደ አንቺ አየሁ።»

መብራቱ ነው፣ ድካም ነው፣ ሽቶው ነው ልትለው ፈለገች። ተወችውና አጠገቡ ተቀመጠች። ከጀርባቸው ድምፁ ሁለተኛውን ጠርቶ አለፈና አንደኛው ጋ ደረሰ፤ አዳራሹ እንደማያውቅ ሁሉ ጮኸ፣ አፏጨ፣ አጨበጨበ። አባቷ ጭብጨባው እስኪበርድ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ቁጣ አልነበረበትም።

«ያምራል፣ አይደል?» አላት።

«ያምራል» አለች፤ አፏን ምሬት ሞላው። ርጥቡን መሀረብ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ክንዱን ይዛ አስነሳችው፤ ደረጃውንም መውረድ ጀመሩ።