ሁለት ወንበር የያዘ መንገደኛ

ሽቦ ዓይኑን ገልጦ ወደ ጎኑ ሲዞር፣ ጊታሩን ባስቀመጠበት ወንበር ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ብርቱካን ሲልጥ አገኘ።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ጊታር ነበረች" አለው።

"የት ጋ?"

"የተቀመጥክበት ላይ።"

ሰውዬው ብድግ ብሎ መቀመጫውን ዳበሰ። "ኧረ እኔ ከቤቴ ጀምሮ እዚሁ ነኝ! ምኑን ጨፈለቅኩብህ?"

ሽቦ ወደ ፊት አየ፤ ሹፌሩ ሌላ ነው። ወደ ኋላ አየ፤ መንገዱን ሙሉ ስታስነጥስ የነበረችው አሮጊት የለችም። በመስኮት ቢያይ፣ እስከ ትልቁ ከተማ ድረስ ከመንገዱ የማይለየው ወንዝ ጠፍቷል። ያው የሆነው የአውቶቡሱ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ጊታሩ በገዛ ወንበሯ ላይ ቀበቶዋን ታጥቃ ወደ ትልቁ ከተማ እየገሰገሰች ነው፤ እሱ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም።

ሽቦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። በሙያው አይታማም። ችግሩ ሐሳቡ ሁልጊዜ ከእግሩ ቀድሞ መሄዱ ነው። ጊታሩን ጣራ ላይ ጫን ያሉትን ረዳቶች ሁሉ "አንተ እናትህን ጣራ ላይ ትጭናለህ?" እያለ ሲጣላቸው ኖሯል፤ ስለዚህ መንገድ ሲሄድ ለእሷም ቲኬት ይቆርጥላታል። ታዲያ ዛሬ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ወርዶ ሻይ አዘዘ። ስኳሩን ሲያማስል፣ ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካው፣ አንድ ዜማ መጣለት። ዜማ እንደ ወፍ ነው፤ ቶሎ ካልያዙት ይበራል። ዓይኑን ከደን አድርጎ እያንጎራጎረ ወጣና ሰማያዊውን አውቶቡስ አግኝቶ ገባ፤ ከመስኮቱ ጥግ ባዶ ወንበር ነበር፣ ተቀመጠ። የአንድ ድርጅት ሁለት አውቶቡሶች ጎን ለጎን መቆማቸውን ማን ይንገረው! ረዳቱም ሰው ቆጥሮ "ሙሉ ነው፣ ሳበው!" አለ። አንዱ ወርዶ ሌላው ተተክቷል፤ ቁጥሩ መች ይዋሻል?

"ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ ሽቦ።

አፉን ሳይዘጋ ከታች አንድ ነገር ቧ አለ። ጎማው ፈነዳ።

"ምን ዓይነት አፍ ነው ያለህ አንተ?" አለ ረዳቱ፣ ክሪኩን ይዞ ሲወርድ።

መንገደኛው ሁሉ ወርዶ ከመንገዱ ዳር ያለ ትልቅ ዛፍ ሥር ተጠለለ። ሽቦ ለሚስቱ ደወለ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስልኩ ጀርባ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማል።

"ደረስክ?"

"ጊታሯ ልትደርስ ነው።"

"አንተስ?"

"እኔማ… ሌላ አውቶቡስ ላይ ነኝ።"

የስፌት መኪናው ቆመ። መጀመሪያ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ሰውዬው ዛሬ ይጠብቅሃል እኮ! ምን ሆነሃል? በል አንተ መኪና ፈልግ፤ የጊታሯን ነገር ለእኔ ተው።"

ሰውዬው ያለችው የትልቁን ስቱዲዮ ባለቤት ነው። የሽቦን ዘፈኖች ከሰው ስልክ ላይ ሰምቶ ወደዳቸው። ሽቦ አሳታሚ የለው፣ ሥራ አስኪያጅ የለው፤ መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ የቁም ሳጥኑን በር ከፍቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይቀዳል። ያልቀረበት ነገር ቢኖር ነፃነቱ ነው። የቀዳውን ለአንድ ሰው ይልካል፣ ያ ሰው ለሌላው ይልካል፣ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ከሁሉ የሚወደው ዘፈን መሀል ላይ ግን ሚስቱ ከኩሽና "ሻዩ ፈላ!" ስትል ትሰማለች። ሊያጠፋው ብሎ ብዙ ጊዜ ደግሞ ቀዳው፤ ጣቶቹ እንደዚያን ዕለት አልታዘዝ አሉት፤ ተወው።

ባለስቱዲዮው ዛሬ ሊያስፈርመው ነው። ከፈረመ መሰላል መውጣት ቀረ፤ ዕድሜ ልኩን የተመኘው ጊታር ብቻ ይዞ መዋል ሆነ። ሰውዬው የጠየቀው፣ ዘፈኑ በማሽን ከበሮ እንደገና እንዲቀዳና የሴትዮዋ ድምፅ እንዲወጣ ነው። ሚስቱ ይህን ስትሰማ "አውጡኝ! እኔ የጠራሁት ለሻይ እንጂ ለዘፈን ነው እንዴ?" ብላ ስቃ ነበር። ሽቦም "እሺ" አለ፤ አፉ ነው ያለው።

ከዛፉ ሥር አንዲት ነርስ ነጭ ጋውኗን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋ ታንጎራጉራለች። ሽቦ ጆሮው ቆመ። የእሱ ዘፈን ነው! ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ እሷም ትንፋሽ ትወስዳለች። መሀሉ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ "ሻዩ ፈላ!" አለች፣ ከዜማው ሳትወጣ፤ የዘፈኑ አንድ ስንኝ እንደሆነ ሁሉ።

"መጣሁ!" አለ ብርቱካን የሚበላው ሰውዬ፣ አፉ እንደሞላ።

"አንተም ታውቀዋለህ?" አለች ነርሷ እየሳቀች።

"የማያውቅ አለ እንዴ? ልጆቼ እኮ በዚህ ነው ለእራት የሚጠሩኝ።"

የሽቦ ልብ ዘለለ። እሱ ረግጦት በማያውቀው መንገድ ላይ ዘፈኑ ቀድሞት ደርሷል፤ ቲኬትም አልቆረጠ። ጉሮሮውን ጠራርጎ ነርሷን "አሁን ይሄ የሻይ ጥሪ ዘፈኑን አያበላሸውም?" አላት።

"ያበላሸዋል?" ነርሷ እንደ መቆጣት አለች። "እኔ የምሠራው ከዘመድ ርቄ ነው፣ ወንድሜ። ቤቴ ስገባ መጣሽ ወይ የሚለኝ የለም። በሩን ከፍቼ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ዘፈን መክፈት ነው። ያቺ ሴትዮ ስትጠራኝ ሰው ያለኝ ይመስለኛል። ማን እንደሆነች ባወቅኩ!"

"አውቃታለሁ" አለ ሽቦ፣ ሳያስበው አምልጦት።

"በእውነት? ምን ዓይነት ሰው ናት?"

"ሻይዋ ላይ ስኳር ታበዛለች" አለና ፊቱን አዞረ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

በዚህ መሀል ረዳቱ አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና አስቁሞ "ና አንተ ባለጊታር! ወደ መገንጠያው የሚመለስ መኪና ተገኘልህ፤ ከዚያ ወደ ትልቁ ከተማ የሚሄድ አታጣም፤ ትደርሳለህ!" እያለ ይጣራል። ሽቦ ስልኩን አወጣ። የደወለው ግን ለባለስቱዲዮው ነው።

"ጋሼ፣ ያቺ የሻይ ጥሪ ዘፈኑ ውስጥ ብትቆይስ?"

"ስማ የኔ ልጅ፣ ሕዝቡ የሚፈልገው ሙዚቃ ነው፣ ኩሽና አይደለም። ይህን ተነጋግረን ጨርሰን የለም እንዴ? አሁን የት ደርሰሃል?"

"እሷ ከወጣች እኔም ልውጣ፣ ጋሼ።"

"ምን አልክ? ኋላ ይቆጭሃል!"

"ይቆጨኝ ይሆናል" አለ ሽቦ። እውነቱን ነው። መሰላሉ፣ ፀሐዩ፣ የሰው ጣራ፣ ሁሉም ነገ ይጠብቁታል።

መኪናዋ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ገባ። "ከመገንጠያው ወዴት ነህ?" አለው ሹፌሩ።

"ወደ ቤቴ።"

መንገዱ ወደ ኋላ መሮጥ ሲጀምር የሻይ ቤቱ ዜማ ተመልሶ መጣ፤ ወፏ አልበረረችም ነበር። ለሚስቱ ደወለ።

"ጊታሯ ተገኝታለች!" አለች ገና ሳታስጨርሰው። "ድርጅቱ ጋ ደውዬ የአውቶቡስህን ረዳት አነጋገርኩት። አንዲት የምታስነጥስ አሮጊት አቅፋ ይዛታለች አለኝ። ነገ በሚመለሰው አውቶቡስ ይልኳታል። አንተስ፣ መኪና አገኘህ? ትደርስበታለህ?"

"ወደ ቤት እየመጣሁ ነው።"

የስፌት መኪናው እንደገና ቆመ። "በእኔ ምክንያት ነው?" አለች፣ ቀስ ብላ።

"ስመጣ እነግርሻለሁ። ነገ ጊታሯ ስትገባ አዲስ ዘፈን እቀዳለሁ" አለ ሽቦ። "አንቺ ብቻ ሻይ ጣጂ፤ ሲፈላ ደግሞ እንደዚያን ዕለት ጮክ ብለሽ ጥሪኝ።"