የእህቴ ቁጥር

ኮቱን የሰፋችልኝ እህቴ ናት። አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ እጇ ሲዝል መርፌውን አንሶላው ላይ እየሰካች፣ በአራት ቀን ጨረሰችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ያላለቀ ልብስ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም።

«ሰዎቹ ፊት ስትቆሚ አንገትሽን እንዳትደፊ፤ ኮሌታዬን ታበላሺብኛለሽ» አለችኝ።

«እሺ እትዬ።»

«ስሜንም ጥሪ። ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ። እሷን የያዛትን ዓይነት ካንሰር እዚህ አገር ማንም አላጠናውም በያቸው።»

የምሠራው የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከዕጢ የተወሰደውን ናሙና ሰም ውስጥ አስቀምጬ፣ ከወረቀት አሳስቼ እቆርጠዋለሁ። ናሙና የሚታወቀው በቁጥር ነው፤ የታካሚ ስም መጥራት ክልክል ነው። በአሥራ አንድ ዓመት አንዴም አልጠራሁም፤ የእህቴ ናሙና የመጣ ቀንም እንኳ።

የናሙና መሳቢያዎቹ ሞልተዋል፤ የሚመራመርባቸው ግን የለም። ፕሮፌሰሩና እኔ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት የቀረብነው ለዚሁ ነበር፤ መንግሥት ለካንሰር ምርምር በጀት እንዲይዝ ለመለመን።

አሥር ደቂቃ ተፈቅዶልን ነበር። ከእኛ በፊት የገቡት ስለ ገበያ አዳራሽ ጣሪያ ሲጨቃጨቁ ቆይተው ሦስት አስቀሩልን። ሁለቱን ፕሮፌሰሩ ተናገረባቸው።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «እህትዎ ታማሚ ናቸው አሉ። ማን ይባላሉ?»

ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አልኩ።

«አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት» አልኩ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። «የመኪና ታርጋ ነው እንዴ?»

ሰብሳቢው አልሳቀም። «እህቴ፣ ቁጥሩስ ሪፖርቱ ላይ አለልን» አለ። ስሟን ልጠራ አፌን ስከፍት ማይክሮፎኑ ተዘጋ። ጥያቄያችን ለከርሞ ተላለፈ።

ደረጃው ላይ ፕሮፌሰሩ ትከሻዬን ያዘኝ። «አንቺ ባትሳሳቺም ያው ነበር፣ ልጄ። ውሳኔውን ጽፈው ነው የገቡት።»

ይኼ ደግሞ ባሰብኝ።

ቤት ስገባ እህቴ ነቅታ ነበር።

«ጠራሽኝ?»

«ጠራሁሽ። ከነአባታችን።»

«እና ምን አሉ?»

«ለከርሞ አሉ።»

ጣሪያውን አየች። ከዚያ ኮቱን እንድሰጣት እጇን ዘረጋች፤ እጅጌውን ገልብጣ ስፌቱን መተርተር ጀመረች።

«ምነው እትዬ?»

«አጥሮብሻል። ለከርሞም የምትለብሺው ከሆነ አሁኑኑ ላስረዝመው።»

መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት ሦስቴ አቃታት። ተቀብዬ አስገባሁላት።